ቆሜ ያልተነሳሁት ራጅ

ጥር 6
ዛሬ አንድ ኮት ሰፍቼ ጨረስኩ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የመጀመሪያዬ። አንገቴን ከኋላ ከፍተው የተጫነውን ነርቭ ካስለቀቁልኝ አምስት ወር... እጄ መደንዘዙን ተወ፣ ተመስገን። ግን ከሰዓት ሲሆን ጭንቅላቴን መሸከም ያቅተኛል። አማቴ መጥተው፣ “ዘንድሮስ አንገትሽን ደፋሽ፣ ጨዋ ሆንሽ!” አሉኝ። ለእሳቸው እቴ፣ ቀልድ ነው። እኔ ቀና ማለት አቅቶኝ ነው!

ጥር 19
በሜትር ለካሁት። ከአገጬ እስከ ደረቴ፣ ስምንት ሳንቲም። ባለቤቴ ይስቃል። “ለራስሽ ኮት ልትሰፊ ነው?”

የካቲት 3
ክትትል። ሐኪሙ ራጁን አየ። “ቀጥ ያለ ነው። ስፌት አብዝተሽ ነው፣ እህቴ።” ስምንቱ ስድስት መሆኑን ብነግረው፣ “በሜትር አይታከምም” አለ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም! የሚታከመው ማን ነው፣ እኔ ወይስ ፎቶው? መልሱ የመጣልኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ። ሁሌም እንዲህ ነኝ።

የካቲት 4
ጨርቅ ስቆርጥ ገባኝ። ኮት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ሁሉም ደህና ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ሰው ሲለብሰው። እኔን ደግሞ ሁሌ ራጅ የሚያነሱኝ አስተኝተው!

የካቲት 7
ራጅ ክፍል። ባለሙያውን፣ “ቆሜ አንሳኝ” አልኩት።
“ተኝቶ ነው የሚነሳው። ወረፋው ቶሎ ይሄዳል።”
“እኔ አልጋው ላይ አልወጣም።”
ከኋላዬ አንዷ፣ “ኧረ አንሳትና ተገላገል!” አለችው። አነሳኝ። ፎቶውን አይቶ መልሶ አንገቴን አየ። አንገቴ ወደ ፊት እንደ ማጭድ ጎብጧል።

የካቲት 8
ሐኪሙ ዛሬ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። በቀዶ ጥገናው ከኋላ አጥንት ሲወጣ የአንገት ድጋፍ ይላላል አለኝ። አሁን አቅንቶ በብሎን ማሰር ነው፤ አለዚያ እጄ ተመልሶ ይደነዝዛል። “ቀደም ብሎ ቢታይ ምናልባት በስፖርት...” ቀደም ብሎ! ማን ነበር ቀደም ብሎ የነገረህ? እጄ ከሄደ በምን ልኖር ነው?

ሰኔ 2
ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ፣ አሥራ አንድ ሳንቲም። እንደ ልቤ ወደ ጎን አልዞርም፣ ብሎኖቹ አይፈቅዱም። እጄ ግን መርፌ ይይዛል።
ራጅ ክፍል ሄድኩ። አንድ አባት አንገታቸው ታስሮ አልጋው ላይ ሊወጡ ሲሉ ያው የራጅ ባለሙያ፣ “አባባ፣ እርስዎ ቆመው ነው” አላቸው። እሰይ! ግን ለእኔ ጊዜ ምነው አፉን ያዘው? ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ? ፊት ለፊቱ ቆሜ ዓይን ዓይኑን አየሁት።
እሱ አቀረቀረ።