የመተዋወቂያ አዳራሽ ሊሆን ስለተፈረደበት የልብስ ማጠቢያ ክፍላችን

ለተከበሩ የከተማችን የመኖሪያ ቤቶች አስተዳደር ዋና ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ያ ሰፊ ጠረጴዛዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ጉልበታችን ከመጠንከሩ በቀር እጅግ ደህና ነን። ባለፈው ሳምንት ሕንፃችንን ጎብኝተው ያለ ኮት ሲወጡ ውጭው ነፋሻማ ስለነበር፣ ብርድ መትቶዎት ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ። ስለ ኮቱ በመጨረሻ እመለስበታለሁ፤ ለአሁኑ በመልካም እጅ ላይ እንዳለ ብቻ ይወቁልኝ።

ማን ነህ እንዳይሉኝ፣ ወደ ትልቁ ከተማ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰበብ ሳዳምጥ ስለምውል፣ ከመሥሪያ ቤትዎ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች እንደ ባለሙያ ነው የማነባቸው። የምኖረውም እርስዎ በንግግርዎ ሁሉ «የብዝኃነት አርአያ» በሚሏት፣ እኛ ግን በአጭሩ «ማደሪያዋ» በምንላት በዚህችው ከትልቁ ከተማ ጎን በተለጠፈች ከተማ ውስጥ ነው። ጠዋት ተጭነን እንሄዳለን፣ ማታ ተጭነን እንመለሳለን። እቤቴ ለመድረስ ደረጃ ስወጣ በየፎቁ የማላውቀው ቋንቋ እየተቀበለ ይሸኘኛል፤ ልጅ ሲቆጡ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው።

ታዲያ ሰሞኑን መሥሪያ ቤትዎ በመግቢያችን ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ልዩ ልዩ ቋንቋ የምንናገር ነዋሪዎች «እርስ በርስ ያለመተዋወቅ ችግር» እንዳለብን በጥናት ስለተረጋገጠ፣ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ታሽጎ፣ ማሽኖቹ ተነቅለው፣ በምትኩ ዘመናዊ የመተዋወቂያ አዳራሽ ይሠራበታል ይላል። እኛ እንድንተዋወቅ እርስዎ ይህን ያህል መጨነቅዎን ሳውቅ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ይህን የመሰለ ውለታ በዝምታ መቀበል ነውር ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ከጥቂት አቤቱታዎች ጋር በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥናቱ። ጥናቱን ያካሄደው ባለሙያ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ መጥቶ ከታች እስከ ላይ በር ሲያንኳኳ እንደነበር ሰምቻለሁ። በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ነዋሪ ሁሉ ትልቁ ከተማ ውስጥ የሰው ቢሮ ይጠርጋል፣ የሰው ሒሳብ ያወራርዳል፣ የሰው በር ይጠብቃል። ባለሙያው የሚከፍትለት ቢያጣ ጊዜ «ነዋሪዎቹ በራቸውን ለሌላ ሰው አይከፍቱም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ እኔም ቤት ከሌለሁ በር አልከፍትም። ደረጃውን ሲወርድ ሥራ ያልሄዱት ጎረቤቶቻችን ምድር ቤት ተሰብስበው ሲስቁ በጆሮው ቢሰማም፣ ከመሬት በታች ያለ ክፍል በጥናቱ ውስጥ ስላልተካተተ ጎንበስ ብሎ ማየቱ አላስፈለገውም። ለደንብ ይህን ያህል ታማኝ የሆነ ሰው ከየት እንዳገኙ ባውቅ፣ ለባቡር ድርጅታችንም አንድ እንዲልኩልን በለመንኩዎት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ክፍሉ። አሞራ ሊበሉ ያሰቡ ሰዎች ስሟን ጅግራ እንዳሏት እናውቃለንና፣ ይህን ክፍል «ጥቅም ላይ ያልዋለ ቦታ» ማለትዎ አልገረመኝም። በእርግጥ መስኮት የለውም። አንደኛው ማሽን በጉልበት ካልገፉት አይዘጋም፤ አግዳሚው ወንበርም አንድ እግሩ በካርቶን ተደግፏል። ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ በዚህች ከተማ ከሰው ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው፤ ያስተዋወቁንም አማቴ ናቸው።

አማቴ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ወደ እኛ መጡ። የዚህን አገር ቋንቋ አያውቁም። ባለቤቴና እኔ ጠዋት ስንወጣ በመስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ማታ ስንመለስ እዚያው እናገኛቸዋለን። እንዴት ዋሉ ስንላቸው «አለሁ» ይላሉ። ያቺ «አለሁ» የምትባል ቃል እንዴት እንደምትከብድ እርስዎ አያውቋትም፤ አይወቋትም። ከዕለታት አንድ ቀን ልብስ ሊያጥቡ ወርደው፣ ከየማሽኑ ወጥቶ ባለቤቱ ያልደረሰለት ንጹሕ ልብስ ተከምሮ አገኙ። በእሳቸው ቤት የታጠበ ልብስ ተከምሮ ማየት እንደ ኃጢአት የሚቆጠር ነውና፣ ሁሉንም አጣጥፈው በየከረጢቱ ካደረጉ በኋላ በየቤቱ የበር እጀታ ላይ አንጠለጠሉት። የትኛው ልብስ የማን እንደሆነ የለዩት ደረጃ ላይ ያዩትን ሰው መልክ እያስታወሱ በግምት ነው። ግምታቸው አንዱም አልተሳካም።

በማግሥቱ ጠዋት ባቡሩ ላይ ቲኬት ስቆጣጠር፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖረው የሒሳብ ሠራተኛ ከጀርባው በትልቁ «ጥበቃ» ተብሎ የተጻፈበት ሸሚዝ ለብሳ ቆማለች። ተኝታ ቆይታ በጥድፊያ ስለለበሰችው አላየችውም፤ ሁለት መንገደኞች ግን ሰልፍ እንድታስይዝላቸው ጠይቀዋታል። በዚያው ፉርጎ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ዘበኛ አዝራሩ በተቃራኒ በኩል የሚቆለፍ፣ እጅጌው ክርኑ ላይ የቀረ ነጭ የሴት ሸሚዝ ለብሶ፣ እንዳይታይ ከሰው ሁሉ ርቆ ተቀምጧል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ሕንፃ እየኖሩ፣ በአንድ ፉርጎ እየተጓዙ፣ ከዚያ ቀን በፊት ቀና ብለው ተያይተው አያውቁም ነበር። እኔ አንዷን በእጄ እየመራሁ ወደ ሌላው ወሰድኳት። ፉርጎው በሙሉ ሳቀ፤ ቲኬት ያልያዙትም ሳይቀሩ።

ማታ ሁሉም ያልሆነውን ልብስ ይዞ ምድር ቤት ተገናኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ ሆነ፤ ታጥቦ ያለቀ ልብስ ያገኘ ያጣጥፋል፣ በባለቤቱም በር ላይ ያንጠለጥላል። ዘበኛው ልብስን እንደ ጡብ አራት ማዕዘን ያደርገዋል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጫፍ ከጫፍ ካልገጠመ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። ወሬዋ ስለማይቋረጥ «ሬድዮ» ያልናት ፀጉር ሠሪ ደግሞ ሱሪውንም ቀሚሱንም እንደ ፎጣ ትጠቀልለዋለች። ስለዚህ ከሥራ ደክሞኝ ስመለስ ከረጢቱን ከፍቼ በማየት ብቻ ማን እንዳሰበኝ አውቃለሁ። አንዳችን የሌላችንን የተቀደደ ካልሲ አይተናል፤ ገመናችንን አጣጥፈን ተለዋውጠናልና ከዚህ በኋላ በአዳራሽ ቆመን ስማችንን ብንነጋገር የሚጨምርልን ነገር ይኖር ይሆን?

ሦስተኛ፣ ስለ አማቴ፤ ዋናውም ይኸው ነው። አማቴ ዛሬ መስኮቱ አጠገብ አይቀመጡም። ጠዋት ይወርዳሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ ስለ ወገባቸው ሲያወሩ ሬድዮ በራሷ ቋንቋ ስለ ቀድሞ ባሏ ትመልስላቸዋለች፣ ሁለቱም በጣም ይስማማሉ። ማታ እንዴት ዋሉ ስንላቸው መልሳቸው ራታችን ሲያልቅም አያልቅም። ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ባለቤቴ ተረጎመችላቸው። በማግሥቱ ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ። «ልጄ፣ እኔ መስኮት ለማየት አልመጣሁም፤ መስኮትማ በቤቴም አለኝ» አሉኝ። በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ማንም የለም፣ ክቡርነትዎ። ብዙ ወንድ የአማቱን ሻንጣ በር ላይ ሲያይ ታክሲ ሊጠራ እንደሚሮጥ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ከአስተዳደርዎ ያገኘነው ጥቅም ምንድን ነው ለሚል ሁሉ፣ አማችና አማት አፋቅሯል ብዬ እመሰክራለሁ።

አራተኛ፣ አዳራሹ የሚከፈተው በሥራ ሰዓት ብቻ፣ መተዋወቅ የሚፈልግም አስቀድሞ በጽሑፍ ሲያመለክት መሆኑን ከማስታወቂያው ግርጌ አንብቤያለሁ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ወደ ምድር ቤት ስላወረዱልን እናመሰግናለን።

አምስተኛው አቤቱታ አይደለም፤ ስለ ጉብኝትዎ ምስጋና ነው። እርስዎ ሊመጡ ነው ተብሎ፣ ስንት ጊዜ ለምነን ያላገኘነውን ቀለም ጠዋቱን የምድር ቤቱ ግድግዳ ተቀባ። እርስዎም ስለ ብዝኃነት ሲናገሩ ደክሞዎት ግድግዳውን ደገፍ አሉት። ግራ ትከሻዎ ቢጫ መሆኑን ከአጃቢዎችዎ መካከል የነገረዎት አልነበረም፤ አማቴ ግን ዝም ማለት አልሆነላቸውም። እጅጌዎን ይዘው ኮቱን እንደ ልጅ ሲያወልቁልዎት፣ እርስዎ በቢሮ ቋንቋ አያስፈልግም አሉ፤ እሳቸው በቋንቋቸው ሰው እንደ አጥር ተቀብቶ አይወጣም አሉ፤ ዘበኛው በእሱ ቋንቋ ቢሰጡ ይሻላል አለ። ከዚያ ሁላችሁም ሳቃችሁ። እርስዎም ሲስቁ አይቼዎታለሁ፤ መካድ አይቻልም። በዚያች ደቂቃ ያለ አዳራሽ፣ ያለ ማመልከቻ ከነዋሪዎችዎ ጋር ተዋውቀው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ወዲያው ለሌላ ስብሰባ ተጠርተው ሄዱ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። አዳራሹን ሰው ወዳልተዋወቀበት ቦታ ይውሰዱልን፤ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤትዎ ኮሪደር ለዚህ የተመቸ ይመስለኛል። ለእኛ ማሽኖቹን ይተዉልን፤ የወንበሩንም እግር ቢያስጠግኑልን ካርቶኑን ለመሥሪያ ቤትዎ በክብር እንመልሳለን።

ሰኞ እንዳይነጋ ከሚመኙት ነዋሪዎችዎ አንዱ፣ ለጤናዎ ሳያቋርጥ የሚጸልይ፣ በቲኬትም በቃልም የማይታለል፣

የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ የአማቱ አማች

ግልባጭ፦
ለሊፍቱ፣ በተጠገነ ጊዜ እንዲያነበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮትዎ ታጥቦ ንጹሕ ሆኗል። አማቴ የእርስዎ ቤት የትኛው ፎቅ እንደሆነ ስላላወቁ እንደ ልማዳቸው በግምት ዘበኛው በር ላይ አንጠለጠሉት። እሱም ትልቁ ከተማ ለጥበቃ ኃላፊነት ሲወዳደር ለብሶት ገባ፤ ከፊቱ ይልቅ ኮቱን አይተው ሳይሆን አይቀርም፣ ሾሙት። ሊወልቅ የደረሰ አዝራሩን ሬድዮ አጥብቃዋለች፤ ሽፋኑ የተተረተረውን ኪስ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛዋ ሰፍታዋለች። ኮትዎ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ መሥሪያ ቤትዎ ከተቋቋመ ጀምሮ ካወቀው ነዋሪ የሚበልጥ ሰው ተዋውቋል። አሁን ምድር ቤት ከአግዳሚው ወንበር በላይ ተሰቅሏል። አማቴ የሰው ልብስ በእጃቸው ሳለ የትም እንደማይሄዱ ስለነገሩን፣ ሻንጣቸውም ኮቱን እየጠበቀ በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ ያለ ማስታወቂያው መነሣት ኮቱ አይነሣም። ለመልእክተኛም አልሰጥም ብለዋል፤ ራስዎ እስከ እሑድ ወርደው ይውሰዱት። ሲመጡም ባዶ እጅዎን እንዳይመጡ፣ ሸሚዞችዎንም ይዘው እንዲመጡ ይለምኑዎታል፤ ኮቱን ያወለቁልዎት ዕለት አንገትጌዎን አይተውት ነበር።