ብቻዋን አድርጊያት

ውድ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽና ልጆቹስ? «እኛ ደህና ነን» የሚለውን መስመር ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ። በስልክ ስለው ከርሜያለሁ፤ በጽሑፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስትደውዪ እማዬ አጠገቤ ናት፤ ፊቷ ስለ እሷ ማውራት አልችልም። ወጣ ብዬ ላውራሽ እንዳልል ደግሞ ብቻዋን መተው አይሆንልኝም። በዚያ ላይ፣ አትቀየሚኝና፣ አንቺ ሰው አታስጨርሺም። ወረቀት ላይ ቢያንስ አታቋርጪኝም።

እማዬ ስልክ ላይ ጤነኛ ናት። አንቺን የሚያታልልሽ ይሄ ነው፤ አልፈርድብሽም። «ልጆቹ አደጉ? ብርዱስ እንዴት ነው? እኔማ ምን እሆናለሁ ብለሽ» ትልሻለች። ትስቂያለሽ። ከዚያ ወደ እኔ ትዞሪና «ደህና ናት እኮ፣ አንቺ ነሽ የምታካብጂው» ትይኛለሽ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደምትል ግን አትሰሚም። «ደግ ሴት ናት። ማናት?» ትለኛለች።

ባለፈው ክረምት በነጠላ ጫማ ከቤት ወጥታ የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነው ያገኘኋት። ወደ ማተሚያ ቤቱ የሚሄደው የትኛው እንደሆነ መንገደኛውን ሁሉ ትጠይቃለች። አራሚ ሆና ዕድሜዋን የጨረሰችበት ማተሚያ ቤት እንኳን አውቶቡስ ሊሄድበት፣ ሕንፃውም የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ተመላላሿ ሠራተኛ እስክትመጣ በሩን ከውጭ ቆልፌባት ነው ወደ ሥራ የምሄደው። ደረጃውን ስወርድ እጀታውን ስትነቀንቀው ይሰማኛል። አትጮህም፤ ዝም ብላ ትነቀንቃለች። ቀኑን ሙሉ የተቆለፈው እኔ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። ማስታወቂያ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ፤ ለማን እንደምጽፍ ግን ነግሬሽ አላውቅም። የሄድሽ ቀን ሻንጣሽን መሬት አስቀምጠሽ እጄን ጨብጠሽ «እማዬን የሰው ቤት እንዳታስገቢያት፣ በሞቴ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። መንገድ ለሚሄድ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ በኋላ ሥራውን ሳገኝ ላንቺ ለመናገር አፌ ተያዘ። የምሠራው አረጋውያን በሚኖሩበት፣ በሚታጠቡበትና በሚታከሙበት ቤት ነው። እማዬን እንዳላስገባት ያስማልሽኝን ዓይነት ቤት ለሌላው ሰው ልጅ አሞግሼ እጽፋለሁ።

ቢሮዬ ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ የነበረች ክፍል ናት። መስኮቷ የሚያየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው። ሥራ አስኪያጃችንን ከጀርባው «ቶሎቶሎ» እንለዋለን፤ ከአፉ የማትጠፋ ቃል እሷ ስለሆነች። ይሄ ሰው በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ጽሑፍ የሚጽፍ ማሽን አመጣልኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ማለቴ ነው፤ ልጆችሽ የቤት ሥራ ሳያሠሩት አይቀሩም። ከእንግዲህ እኔ ማዘዝ ብቻ ነው፣ እሱ ይጽፋል ተባለ። አዘዝኩት። ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቂያለሽ? «ለውድ እናትዎ ምቹ የሆነ የመጨረሻ ማረፊያ አዘጋጅተንልሃል።»

አንባቢውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አንቱም አንተም ማለቱ ይቅር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን «የመጨረሻ ማረፊያ» የሚለው ላይ ስትደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቶሎቶሎ አልሳቀም።

«መቃብር ነው እንዴ የምንሸጠው?» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው የጻፈው።»

«እሱ ምን ያድርግ? ለማን እንደሚጽፍ አልነገርሽው። የምታነበው ሴትዮ ማናት? ምኗን ነው የሚያማት? ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ምን ታስባለች? ከሥር ከመሠረቱ አስረጂው እንጂ። ቶሎ ቶሎ በይ።»

ማሽኑ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ስለ አንባቢው የሚነገርበት ባዶ ሳጥን አለው። እዚያ ላይ «አርባ ዓመት ገደማ፣ ከተማ የምትኖር፣ ሥራ ያላት፣ እናቷን የምትወድ» ብዬ ሞላሁ። የጻፈልኝ ውሃ ውሃ ይላል። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ እናቷን የማትወድ የት አለችና? ጨመር አደረግሁለት፤ አሁንም ያው ነው። ሦስቴ አራቴ ከሞከርኩ በኋላ ተናደድኩና እውነቱን ጻፍኩለት።

በሩን ከውጭ እንደምትቆልፍ ጻፍኩ። ደረጃው ላይ ቆማ እንደምታዳምጥ ጻፍኩ። ገላዋን ስታጥባት እናቷ «የማን ልጅ ነሽ? የታደለች እናትሽ» እንደምትላት፤ አንዳንዴ ማንኪያውን ወርውራ መውጣት እንደሚያምራት፣ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፍራ ጉንጯን እንደምትስማት። ሊያገባት የጠየቃት ሰው ጠብቆ ጠብቆ እንደተወውም ጻፍኩ። ይሄንንም አታውቂም፤ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ አልነገርኩሽም። ሩቅ የምትኖር ታላቅ እህት እንዳላት፣ እየደወለች «አታካብጂ» እንደምትላትም ጽፌያለሁ።

ቶሎቶሎ ከኋላዬ ቆሞ ያነብ ነበር።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ። «እህትየዋን ግን አውጪያት።»

«ለምን?»

«እህት ካላት ‹ተማክሬ እመለሳለሁ› ትላለች። እንዲህ ያለች ተመልሳ አትመጣም። ብቻዋን አድርጊያት።»

አወጣሁሽ። አንድ መስመር ብቻ ነበርሽ፤ ለመጥፋት ጊዜ አልፈጀብሽም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ቅር አላለኝም።

ማሽኑ እንዲህ ሲል ጻፈ። «በሩን ቆልፈሽ ስትወጪ ልብሽ እዚያው እንደሚቀር እናውቃለን። ሁሉን ነገር ብቻሽን ችለሽዋል፤ ደክሞሻል። ደከመሽ ማለት ግን አትወጃትም ማለት አይደለም። አንቺም እረፍት ይገባሻል።» ዝቅ ብሎ አድራሻችንና ስልካችን።

እኔው የነገርኩትን መልሶ ለእኔው እንደነገረኝ አጥቼው አይደለም። ማስታወቂያ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ ሰው እንዴት እንደሚባበል አውቃለሁ። ያም ሆኖ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። ደክሞሻል ያለኝ ሰው የለማ፣ እትዬ። ጎረቤቱ «በርቺ» ይለኛል፤ ዘመድ «ትጸድቂበታለሽ» ይለኛል፤ አንቺ «አታካብጂ» ትይኛለሽ።

ጽሑፉ በበራሪ ወረቀት ታትሞ ተበተነ። ስልካችን ፋታ አጣ። የሚደውሉት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ «ይሄን የጻፈው ሰው የት ነው የሚያውቀኝ?» ብላ እዚያው ስልኩ ላይ አነባች። ቶሎቶሎ ደስታውን አልቻለውም። «ሴትዮዋን ጨምሪልኝ፤ ገና ብዙ ይወጣታል» ይለኛል በየጠዋቱ። እኔም እጨምራለሁ። እማዬ ማታ የተናገረችው ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። አሁን አሁን ጸጉሯን እያበጠርኩ አንድ ነገር ስትለኝ ከማዘኔ በፊት ለጽሑፍ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኛለሁ። ሥራው ላይ ቤት ነኝ፤ ቤት ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ። ልተወው እንዳልል ተመላላሿን የምከፍላት ከዚሁ ደሞዝ ነው።

ከሰሞኑ አንድ ክፍል ተለቀቀ። ቶሎቶሎ ሰው ክፉ አይደለም፤ ጠርቶኝ «ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች የማላውቅ እንዳይመስልሽ» አለኝ። «ለሠራተኛ ቤተሰብ ቅድሚያ አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ልያዝልሽ፤ ከዚያ ወረፋ ለሚጠብቁት እሰጠዋለሁ።» ወረፋውን የሞሉት የእኔን ወረቀት አንብበው የመጡ ናቸው።

ክፍሉን ሄጄ አየሁት። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱ ግቢውን ያያል፤ ግቢው ውስጥ ወንበር የተደረደረበት የዛፍ ጥላ አለ። ከአጥሩ በር በቀር የሚቆለፍባቸው በር የለም፤ እንዳሻቸው ይወጣሉ ይገባሉ። አስታማሚዋ አንዲት አሮጊት ስታጎርስ ቆሜ አየሁ። አትቸኩልም። እኔ እቸኩላለሁ። ቤቱ መጥፎ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ጥሩ ሆነብኝ። እንዲህ እያልኩ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩና «በሞቴ» ያልሽው ትዝ ብሎኝ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ቆይቼ ስገባ እማዬ ቦርሳዬን ከፍታ በራሪ ወረቀቱን አውጥታለች። መነጽሯን አድርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ እርሳስ ይዛ። ሁሉ ነገር ከድቷት ማንበብ እንዳልከዳት ታውቂያለሽ፤ ፊደል ስታይ ዛሬም አራሚ ናት።

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

«ምን ሆነ እማዬ?»

«‹ዕረፍት› በዓይኑ ዐ ነው። አላረፈም እንዴ ይሄ ሰው?» ብላ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ፊደሏን ከበበቻትና ዳር ላይ ትክክለኛዋን ጻፈች። ከዚያ ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችው፤ በሩን፣ ልብሽን፣ ብቻሽንን፣ ሁሉንም። እኔ የልብስ መቆንጠጫ እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜያለሁ። ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ምስኪን» አለች።

«ማን?»

«ልጅቷ ናታ። ሰው የላትም እኮ። እናት ደግሞ ስታረጅ ከሕፃን ትብሳለች።»

አላስቻለኝም፤ ጠየቅኋት። «እና ምን ታድርግ ትያለሽ?»

«ትውሰዳታ» አለች ሳታቅማማ። «ወስዳ ታስገባትና እየሄደች ትጠይቃት። እናቲቱም ብትሆን ነፍስ ካወቀች ልጄ አብራኝ ትቆለፍ አትልም። እኔ ብሆን አልልም።»

እትዬ፣ ይሄን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ መሰለሽ። አሁን ከራሷ አፍ ወጣ፤ ግን የሰጠችው ለሌላ ሴት ነው። እንዳልሰማ ሆኜ ይዤው ብሄድ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ሻንጣዋን ሰኞ ባዘጋጅላት ማን ይጠይቀኛል? አልቻልኩም። አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ያዝኩት።

«እማዬ፣ ልጅቷ እኔ ነኝ። እናትየዋ አንቺ ነሽ።»

ፊቴን አየችው፤ ረጋ ብላ፣ ቃል የተዛነፈበት ገጽ እንደምታይ። ልታዝንብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ታውቀኝ አታውቀኝ እንደሆን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ከዚያ እጄን መታ መታ አደረገችልኝ።

«ሞኝ» አለችኝ። «አንቺማ እህት አለሽ።»

መነጽሯን አድርጋ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

አላረምኳትም። ወሩ ሊያልቅ ነው፣ እትዬ። ወይ በሞቴ ያልሽውን አንሺልኝ፣ ወይ መጥተሽ አጠገቧ ተቀመጪና ሁለታችን ሆነን እንወስን። ልትመጪ ካልሆነና የተሳሳተችው እሷ ከሆነች ግን «እህት የላትም» ብለሽ አንቺው በእጅሽ ጻፊላት፤ እኔ አልነግራትም።

ታናሽሽ