ስንዝር የቀረው በር

ውድ አዮ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ልጅዎ ዓዲላ እንደሆነች አውቃለሁ። እርሷ ፊት ሊነበብ የሚያሳፍረኝ ነገር አለበት፤ ግን ከእርሷ ሸሽጌ ለእርስዎ የማደርስበት መንገድ የለኝም። ዓዲላ፣ የሚያስቆጣሽ ቦታ ስትደርሺ አትዝለዪው። በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ገና "አዮ፣ አንድ ነገር..." ስል "ኸይር ነው፤ ሪያድ ደህና ነው?" ብለው አለፉኝ።

አባባ ባረፉ በሁለተኛው ወር ከጨፋ ሮቢት ወደ እኛ ከሚሴ ሲመጡ፣ ባለቤቴ ሪያድ ቤቱን ሠርቶ የጨረሰው ያን ሰሞን ነበር። ቦታችን ጠባብ ስለሆነች፣ ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንጨት ሥራ ሲሠራ ያየውን ተንሸራታች በር ለእኛም ገጠመው። ሲከፈት ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ሳሎኑና ሁለቱ ክፍሎች አንድ ይሆናሉ። ሲዘጋ ሁሉም የየራሱ ክፍል ይኖረዋል። ለዱዓ ሰው የጠራን ቀን ያን ሁሉ እንግዳ ችለን ስናስቀምጥ፣ ጎረቤት በሩ የት እንደገባ ለማወቅ ግድግዳውን ሲዳብስ ያስታውሳሉ። እርስዎም ልጅዎን መርቀው አልጠገቡም ነበር። እኔ ግን ያን በር ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። በር ሲከፈት ይሰማል፣ ሲዘጋ ይቀረቀራል። ይሄኛው ድምፅ የለውም። ማን እንደከፈተው፣ መቼ እንደከፈተው አይታወቅም።

የእርስዎ ክፍል ከሳሎኑ ጎን ነው፤ እኔ ልብስ የምሰፋው ደግሞ ሳሎን ውስጥ። ደንበኞቼ ሴቶች ናቸው፤ ልካቸውን ስወስድ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያወሩኛል። በመጡ በሳምንቱ ይመስለኛል በርዎ ስንዝር ያህል ክፍት መሆኑን ያየሁት። ሄጄ ገርበብ አደረግሁት። ከሰዓት ሳየው ያው ስንዝር። በማግስቱም ገርበብ አደረግሁት፣ በማግስቱም ያው። የሰው ወሬ እንዳይረብሽዎ በሩን ልዝጋልዎ ወይ ብዬ ስጠይቅዎ፣ "ተይው ኢንተላ ኮ፤ አየር ይግባልኝ" አሉኝ። በኦሮምኛ "ልጄ" ብለው ነበር የጠሩኝ። እኔ ግን መስኮትዎን አየሁ፤ ክፍት ነው። መስኮት እያለ ከሳሎን ምን አየር ይፈለጋል ብዬ ያን ቃል በልቤ ያዝኩት።

ከዚያ ወዲያ ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። የሙስበሓዎ ዶቃ ድምፅ ሲቋረጥ አሁን ጆሮዋን ሰጠች እላለሁ። ሲያስሉ፣ የሰማችውን ለመደበቅ ነው እላለሁ። ዓይኔ ከጨርቁ ይልቅ ክፍተቱ ላይ እየዋለ የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ።

በመሃሉ ለጎረቤቴ ለሶፍያ ብቻ የነገርኳት ምስጢር ነበረኝ። ደሴ ውስጥ አንድ ማሠልጠኛ የልብስ ስፌት አስተማሪ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ፣ ለሪያድ ሳልነግረው አመልክቼ ነበር። ይከለክለኛል ብዬ አይደለም፤ ካልተቀበሉኝ እንዳላፍር ነው። ለሶፍያ በነገርኳት በአራተኛው ቀን ሪያድ እራት ላይ ቀና ብሎ፣ "ደሴ ልትሄጂ ነው አሉ" አለኝ። ማን እንዳለው አልጠየቅሁትም። በርዎን ነበር ያየሁት።

እርስዎን ብጠይቅዎ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ወጥመድ አዘጋጀሁ። ማክሰኞ ዕለት ሶፍያ ልኳን ልትሰጥ ስትመጣ፣ ወንበሬን ወደ ክፍተቱ አስጠግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልኩ፦ "ሪያድ እናቱ ወደ ጨፋ ብትመለስ ደስ ይለዋል። ክፍሏን ከሳሎኑ ቀላቅለን ቤቱን እናስፋው ይላል። ፊት ለፊት መናገሩ ከብዶት ነው እንጂ።" ሶፍያ ደንግጣ በጣቷ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ውሸት ነበር፣ አዮ። ሪያድ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሰምታ ትነግረዋለች፣ ተቆጥቶ ይመጣብኛል፣ ያኔ ማን እንደሚያዳምጠን አሳየዋለሁ ብዬ ነው።

ረቡዕ ጠበቅሁ። ሪያድ ምንም አላለኝም። ሐሙስም እንደዚያው። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ እርስዎ ልብስዎን ጠቅልለው አገኘዎ። ጨፋ ናፈቀኝ፣ ላሚቱም ልትወልድ ደርሳለች አሉት። ለመነዎ፤ እኔም ከአንገት በላይ ለመንኩ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል እርሱን ብዙ መረቁት፤ የእኔን ግንባር ስመው፣ "ቤትሽን አላህ ያስፋልሽ" አሉኝ። እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ፣ ይሄ ምርቃት ነው ወይስ መልስ እያልኩ ጠረጠርኩ።

በማግስቱ ክፍልዎን ስጠርግ በሩ ከሚገጥምበት ጥግ አንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ አገኘሁ። በሩ ገጥሞ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ነው። ያኔም አልነቃሁም፤ ክፍተቱን በልክ አዘጋጅታው ኖሯል አልኩ። ዓዲላ ስትደውል ወሬ ለማውጣት ስለ በሩ አነሳሁባት። እርሷ ግን ነገሩን እንደማውቅ አድርጋ መለሰችልኝ። "ቁርጥማቱ የአዮን ጣቶች ቆልምሟቸው የለ? ያ በር ከገጠመ ከውስጥ አትከፍተውም። አንድ ቀን አንቺ ገበያ ሄደሽ ተዘግቶባት ለውዱእ ውሃ አጥታ ዙህርን በአፈር ተየሙም አድርጋ ነው የሰገደችው። ለጎረቤት መጣራት አፍራ።"

ዓዲላ፣ አንቺንም አላመንኩሽም። ለእናቷ ታደላለች አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ክፍሉ ውስጥ ገባሁና በሩን እስኪገጥም ሳብኩት። መያዣው ወደ ውስጥ የተቦረቦረ፣ የጣት ጫፍ ብቻ የሚያስገባ ነው፤ እጀታ ወጣ ብሎ ቢሠራለት ግድግዳው ውስጥ አይገባም። ጣቶቼን ቆልምሜ ልከፍተው ሞከርኩ። አንሸራተተኝ። በመዳፌ ገፋሁት፣ በክርኔም ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። ጣቴን ዘርግቼ መውጣት እችል ነበር፤ ግን በእርስዎ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ማዕድ ቀርበን፣ ጆሮዎን እንጂ እጅዎን አላየሁም ነበር።

ሪያድን ስለ ደሴው ማን እንደነገረው ጠየቅሁት። "ቶፊቅ ነዋ፣ የሶፍያ ባል" አለኝ። "ደስ ብሎት ነው የነገረኝ።"

ባለፈው ሳምንት ሊያመጣዎ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። ላሚቱ ወለደች፣ ጥጃውን ማን ያይልኛል እንዳሉት ነገረኝ። ከእኔ የሰሙትን ያኔም አልነገሩትም። ምን አጥፍቼባት ይሆን እያለ ራሱን ሲመረምር፣ እህል ሲያንሰው አየሁ። ትናንት ከሥራ እንደገባ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ፣ "ያን ቃል እኔ እንዳልኩት እያመነች ነው እንደዚያ የመረቀችኝ?" አለ። ወዲያው ሊደውልልዎ ስልኩን አነሳ። ከእኔ አፍ ትስማው ብዬ ለመንኩት፤ እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ዛሬ ጠዋት የክፍልዎን በር ነቅሎ ወደ ሥራ ቦታው ወሰደው። እጀታ ሊገጥምለት ይሁን፣ ወይስ ያን በር ከእንግዲህ ላለማየት፣ አላውቅም።

ሐሙስ በጠዋቱ ሚኒባስ ብቻዬን እመጣለሁ። ተመለሱልኝ ለማለት አፍ የለኝም። ውሸቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደተናገርኩት፣ እውነቱንም ዓዲላ ባለችበት ልናገር ነው። ከዚያ ሂጂ ቢሉኝ እሄዳለሁ። ደብዳቤውን በሾፌሩ እጅ አስቀድሜ የላክሁት ግን፣ እስከ ሐሙስ ድረስ አንድ ሌሊት እንኳ ልጄ አልፈለገኝም ብለው እንዳያድሩ ነው።

ያላመነችዎ ምራትዎ፣
ፋኢዛ
ከከሚሴ