አንድ ሰው ቀረን

ገርጂ፣ ሰኔ 1991 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ኦላና፣

እዚያ ግንባር ያለህበት ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ትልቅ ወሬ አለኝ! ኦፔራችን ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ታየ። ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሆነ ቴአትር ነው ብዬህ አልነበር? ግጥሙን እኔ ጻፍኩ፣ ዜማውን አዶኒያስ ደረሰ፤ የዘፈነችው ደግሞ ኢምፔሪያል ጋ ሱቅ ያላቸው የጋሽ አብዱልሐሚድ ልጅ ሪሀና ናት። ታሪኩ የአንዲት የታክሲ ረዳት ነው። ሪሀና «አንድ ሰው ቀረን! አንድ ሰው!» ብላ ድምጿን ሽቅብ ስትለቀው አዳራሹ ጸጥ አለ። ይኼኔ «ልጄን መድረክ ላይ አላይም» ብለው የነበሩት አባቷ ከኋላ ብድግ ብለው፣ «መጣሁ፣ ቆዪኝ!» አሏት።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ምንም ሳትደናገጥ፣ «ግቡ አባባ! እናንተ፣ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው!» ብላ በዜማ መለሰችላቸው። አዶኒያስም እየሳቀ በኪቦርዱ አጀባት። ጋሽ አብዱልሐሚድ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው አጨበጨቡ።

እማዬም ሳቀች። የፋሲካው ደብዳቤህ ከደረሰን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። የዜና ሰዓት ሲቃረብ ግን እጄን ይዛ ወደ ቤት አጣደፈችኝ። አሁን አሁን የግቢው በር ሲንኳኳ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ እሷ ጓዳ ትገባለች።

ግጥሙን አብሬ ልኬልሃለሁ። ካልጣመህ ስደበኝ፤ በራስህ እጅ ጽሕፈት ይሁን እንጂ ስድቡም ይጣፍጠኛል።

ጌታ በክንፎቹ ጥላ ይሰውርህ።

እህትህ አሰፋሽ