በቁምሽ የተለቀሰልሽ ልቅሶ

ለልጄ ለየሻረግ ሽባባው፣ ሆላንድ አገር።

እንደምን ከርመሻል? ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ጉልበቴን ይይዘኛል ብለሽኝ ነበር፣ ተሻለሽ ወይ? ልጅሽ ናርዶስ እንዴት ናት? አደገች ወይ፣ እህል ትቀምሳለች ወይ፣ ከቋንቋችን አንድ ሁለት ቃል እንኳ ትሰማለች ወይ? እኔ አባትሽ በጊዮርጊስ ጠባቂነት አለሁ። ዓይኔ ደከመ እንጂ እግሬ ዛሬም እስከ ዘንገና ሐይቅ አድርሶ ይመልሰኛል። አክስትሽ ማናለብሽም አለች። ላሟ ወልዳለች፤ የወለደችው ግን ወንድ ጥጃ ነው። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው፣ ድንቹን ውርጭ መታው።

ይህን የሚጽፍልኝ ደርበው ነው፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ቃሌን እንዳያሳምር አስምዬዋለሁ። ገና ሲጀምር «በትሕትና አመለክታለሁ» ሊል ነበር፤ ልጄ ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም አልኩት።

ባለፈው ማናለብሽን አገናኘኝ ስትዪኝ ጆሮዋን ያማታል አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል። ስልኩን የማትይዘው የሞተ ሰው አላናግርም ብላ ነው። አንቺን ነው የምትለው። ይህን በስልክ መናገር አልሆነልኝም። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ፣ እዚያ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆሟል። ስለዚህ በወረቀት ይድረስሽ።

ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መስከረም ላይ የላክሽው ፎቶ ደረሰኝ። አዳራሽ ውስጥ ቆመሽ፣ በአንድ እጅሽ ወረቀት፣ በአንድ እጅሽ አበባ ይዘሽ፣ ጥርስሽ ሁሉ ይታያል። የዚህ አገር ዜጋ ሆንኩ፣ ከእንግዲህ ማንም አያባርረኝም ብለሽ በስልክ አልቅሰሽ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ወረቀት ስትጠብቂ እንደ ኖርሽ አውቃለሁ። እናትሽ እታለማሁ ስታርፍ ያልመጣሽው ከወጣሽ አትመለሺም ብለውሽ እንደ ሆነም አውቃለሁ። ደስ አለኝ። ፎቶውን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በጋቢዬ ሥር ይዤ ዞርኩ። በቅዳሜ ገበያ ለጨው ሻጩም ለፈረስ ነጋዴውም አሳየሁ። ያልጠየቀኝንም ሰው አስቁሜ አሳየሁ።

ጥቅምት ላይ የመሬት ለኪዎች መጡ። ድሮ በገመድ ነበር፣ አሁን ከሰማይ ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ይዘው ነው የሚዞሩት። ካርታ ያለበት አዲስ ደብተር ለየገበሬው ይሰጣል ተባለ። ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ፣ የእናትሽ ድርሻ፣ እሷ ስታርፍ በአንቺ ስም ተይዞ ነበር። ባለሙያው ክፉ ልጅ አይደለም። የሻረግ የት ናት ብሎ ጠየቀኝ። ባሕር ዳር ናት ብዬው ቢሆን ያልፈው ነበር። እኔ ግን ፎቶውን መዘዝኩ። ሆላንድ ናት፣ ዜጋ ሆናለች አልኩት። ልጁ ፎቶውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አባባ፣ ይህን ከነገሩኝ መጻፌ አይቀርም» አለኝ።

«ጻፋ! አጥብቀህ ጻፈው» አልኩት። ጎረቤት እንዲሰማ ነበር ድምፄን ያነሳሁት።

ጻፈው። የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው የገበሬ መሬት አይዝም፣ ሕግ ነው አለኝ፤ ስምሽንም በቀይ ሰረዘው። እኔ ሕጉን አላውቅም ነበር። በልጅነቴ አያቴ ዜጋ የሚሉት ርስት የሌለውን፣ በሰው መሬት ላይ የሚያርሰውን ነበር። ስድብ ነበር። በኋላ መንግሥት መጣና ሁላችሁም ዜጋ ናችሁ ብሎ መሬት አከፋፈለን፣ ቃሉም የክብር ሆነ። አሁን ደግሞ ሰው አገሩን ጥሎ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ተፈትኖ የሚያገኘው ነገር ሆኗል። እኔ መካከለኛው ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ማሳውን እስከ አሁን የያዘው የወንድሜ ልጅ ክንዴ ነው። ዲከረንስ ተክሎበታል። አንቺ አታውቂውም፣ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ዛፍ ነው፤ ከአውስትራሊያ ነው ይላሉ። በአራት በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል። ጤፍ የነበረበት ሁሉ ዛሬ እሱ ነው፣ ከአዲስ ቅዳም ከሰል የጫነ መኪና ሲወጣ ነው የሚውለው። ባለሙያው ዛፉን ቆጥሮ በካርታው አስገባው። ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ተመዘገበ፤ እናትሽ አጨዳ ላይ ሳለች እዚያው ማሳ ላይ የወለደችሽ አንቺ ተሰረዝሽ። ይህንኑ ለልጁ ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወና መሬት መሬት አየ።

ኅዳር ላይ የስሙ ዝርዝር ሰው አይቶ ቅሬታ ያቅርብ ተብሎ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በቅጹ ላይ ስም የሚሰረዝበት ምክንያት ሁለት ብቻ ነው አሉ፣ በፈቃድ ወይም በሞት። ማን እንደ ገለበጠው አላውቅም፣ ለአንቺ በሞት ብሎ ጻፈልሽ። እኔ ዓይኔን ለመታከም ዓርብ ዕለት እንጅባራ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ገበያተኛው አነበበው፣ ለእድራችን ዳኛም ነገሩት። ወጋችንን ታውቂዋለሽ፤ መርዶ በጎህ ነው፣ ሰው መንገድ ላይ ሳይሰማው። እሑድ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መጥተው ማናለብሽን አረዷት። አንድ ሰው እንኳ እስቲ እንደውል አላለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ነዋ።

በዚያው ዕለት ረፋድ ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ቤት ሳቀና ድንኳን አየሁ። የሞተችው ማናለብሽ ናት ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። ስደርስ እሷ ፊቷን ነጭታ መካከል ላይ ቆማለች። ቤት ትቼው የሄድኩት ያ ፎቶሽ ከነአበባው ወንበር ላይ ተደግፏል። አልቃሿ በአገውኛ ስምሽን ትጠራለች።

እዚህ ላይ ደርበው ብዕሩን አስቀመጠ። ይህ ለልጅ አይጻፍም አለኝ። ጻፍ አልኩት።

የሻረግ፣ በሕይወት እንዳለሽ አውቅ ነበር። ሐሙስ ዕለት አውርተናል። ልጄ አለች የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። አላወጣሁትም። ተቀመጥኩ። አልቃሿ ልጅ ሳለሽ ከፈረስ ወድቀሽ ሳታለቅሺ ተነስተሽ ልጓሙን መያዝሽን ታነሳለች። ስትሄጂ ዞረሽ አለማየትሽን ታነሳለች። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ ምን ላከችልህ ነው የሚለኝ፤ ያን ቀን ብቻ ማን እንደ ነበርሽ ተነገረ። ለመስማት ተቀመጥኩ። እናትሽን ስቀብር ያልወጣልኝ እንባ ያን ቀን ወጣ። ጥላው ወደ ምሥራቅ እስኪዞር ድረስ ከሰዉ ጋር በቁምሽ አለቀስኩልሽ። ከዚያ ተነሳሁና ልጄ አልሞተችም አልኳቸው።

የእድሩ ዳኛ «ሽባባው፣ ታዲያ ምን ስታስለቅሰን ዋልክ?» አለኝ። ድንኳኑን ነቀሉ፣ ንፍሮውን ማንም ሳይነካው ሄዱ።

ማናለብሽ አላመነችኝም። እንዳልጎዳ ብለህ ትደብቀኛለህ ነው የምትለው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ባስጠጋላት ድምፅሽን ሰማች፣ አማተበች፣ ሸሸች። ፀሐይ ስትገባ በር ልትዘጋ ስትል ስምሽን ጠርታ እዚያው እረፊ ትልሻለች። ፍርሃቷ እኔንም አልማረኝም። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ በስልክ ሲመጣ ከሩቅ ሳይሆን ከሥር የሚመጣ ይመስለኛል። ማሳው ዘንድ ስሄድ በዛፎቹ መካከል ቀሚስ የለበሰ ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ ስጠጋ ግንድ ነው። የከሰሉ ክምር አፈር ለብሶ ሲጤስ መቃብር መስሎ ይታየኛል፤ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። እኔ ጅብ የማልፈራው ሰውዬ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ።

ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ተቆጣሁ። ይቅርታ ብለው በሞት የሚለውን አንስተው ማሳውን ለክንዴ የሚያስተላልፍ ሌላ ወረቀት አመጡልኝ፣ ጣትዎን ያሳርፉ አሉኝ። ደርበው አነበበልኝ። «ልጅ የሌለው» ይላል። በመዝገብ የሚቆጠር ልጅ ለማለት ነው አሉኝ። ክንዴ አጠገቤ ነበር። አጎቴ ያሳርፉ እንግዲህ፣ ከእኔ ሌላ ማን አለዎት አለኝ። ጣቴን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካላሳረፍኩ ማሳው የወል ይሆናል ብለዋል።

ያን የዜግነት ወረቀትሽን መልሺ አልልሽም። እናትሽን ሳትቀብሪ የቀረሽበት ወረቀት ነው፤ ያዥው። ማሳውንም ክንዴ ይውሰደው፣ ላቡ የፈሰሰበት እሱ ነው። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። በዚያው በአዲሱ ፓስፖርትሽ፣ ለእንግዳ የሚሰጠውን ቪዛ አስመትተሽም ቢሆን፣ ሚያዝያ ሳያልቅ ነይ። ቢሮው ገብተሽ ከጎኔ ቁሚ። ልጅ የሌለው የሚል ወረቀት ላይ ጣቴን የማሳርፈው ልጄ አጠገቤ ቆማ ሰዎቹ እያዩዋት ከሆነ ብቻ ነው። ካልመጣሽ አላሳርፍም፣ ማሳው ከነዛፉ ይሂድ።

ስትመጪ ግን በቀጥታ ቤት እንዳትገቢ፣ ማናለብሽ ወድቃ ትቀርብኛለች። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ የጊዮርጊስ በር ላይ ቁሚ። ያለቀሱልሽ ሁሉ በዚያ ያልፋሉ። ሰላም በያቸው፣ ይንኩሽ፣ እጅሽ የሚሞቅ መሆኑን ይወቁ። ማናለብሽ ዘወትር መጨረሻ ላይ ነው የምትወጣው። እሷ ስትደርስ እነሱው ይነግሯታል፤ እኔን አታምነኝም።

ናርዶስን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። አያትሽ ሽባባው ይባላል፣ ፈረስ ሊያስጋልብሽ ይጠብቅሻል በያት። ፎቶው ላይ ከኋላሽ ቆማ ለምታጨበጭበው ነጭ ሴትዮ፣ ማንም ትሁን፣ ሰላም በይልኝ። ክንዴ ሰላም ብሎሻል፤ ተቆጥቷል፣ ግን ብሏል። ደርበውም ባያውቅሽም እጅ ነስቷል። የእድሩ ዳኛ ሰላም ብሎሻል፤ እንደገና አላለቅስላትም ብሏል። ማናለብሽ ሰላም አላለችሽም። መጥተሽ ከአፏ ውሰጂ።

አባትሽ ሽባባው
አዲስ ቅዳም፣ የካቲት 5 ቀን 2008 ዓ.ም.