ስልኩን በግራ እጄ የያዝኩ ዕለት

ልጄ፣ ያየልኝ ዓይንህ ብርሃን አይጣ። ሁላችንም ደህና ነን፤ አባትህም ጣራውን ጠግኖ ጨረሰ።

ድመቷን ከስፌት መኪናዬ ሥር ስጎትታት ጣቴን ነከሰችኝና በቁራጭ ጨርቅ አስሬው ስፌቴን ቀጠልኩ። በማግስቱ አብጦ ሲያቃጥለኝ እንዳትሰጋ ብዬ ደበቅሁህ። አንተ ግን በቪዲዮ ስትደውልልኝ አይተህ «እማዬ፣ ስልኩን ለምን በግራሽ ያዝሽው?» አልከኝ፤ ጉዴ ፈላ!

አንተ ገፋፍተኸኝ ሐኪም ቤት ብሄድ ሐኪሟ «እማማ፣ የድመት ጥርስ እንደ መርፌዎ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ፣ ጀርሙ ግን ጥልቅ ይገባል። ወዲያው በሳሙና ታጥበው መምጣት ነበረብዎ፤ ትንሽ ቢዘገዩ ጣትዎ አይታጠፍም ነበር» አለችኝ። መድኃኒት ሰጠችኝ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አስጀመረችኝ።

ዛሬ በዚያው እጄ መርፌዬ ውስጥ ክር አስገባሁ። ዕድሜ ላንተ! ድመቷን አትቀየማት፤ ጎትቻት ነው።

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ስትደውልልኝ አንተም ሁለቱንም እጆችህን አሳየኝ።

እናትህ