ህመሙ ከአስር ስንት ነው?

ይድረስ ጆሃንስበርግ ላለኸው ልጄ ተስፋጽዮን፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። የገርጂ ስልክ ስለሚቆራረጥ ነው የጻፍኩልህ፤ እህትህ ፀጋ በቴሌግራም ትልክልሃለች። የአባትህ የሆድ ቀዶ ጥገና በሰላም አልቋል። ለሰመመኑ ጉሮሯቸው ውስጥ በገባው ቱቦ ድምፃቸው ሻክሯል እንጂ ደህና ናቸው።

ሆስፒታሉ የትኛው የህመም ማስታገሻ እንደሚሻል እያጠና ነው፤ እሳቸውም ፈቅደው ገቡበት። ፌናን የምትባል ሐኪም ጠዋት ጠዋት እየመጣች «አባባ፣ ህመሙ ከአስር ስንት ነው?» ትላቸዋለች። እሳቸው ላብ በላብ ሆነው «ዜሮ» ይላሉ! «ኧረ እውነቱን ይንገሯት» ብዬ ብቆጣ፣ «ልጄ ለምትሆነው አመመኝ ልበላት?» አሉኝ። ታውቃቸው የለ፤ የሱቃችን መዝጊያ ወድቆ እግራቸውን ሲሰብረው እንኳ «ትንሽ ነካኝ» ነው ያሉት።

ዛሬ ግን ገና ሳትጠይቃቸው እጇን ያዙና «ዘጠኝ» አሏት። ልጅቷ ደስ አላት። «አባባ ዛሬ ገና እውነቱን ነገሩኝ!» ብላ መድኃኒት ልታስጨምር ሄደች። እኔ ግን እግራቸውን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ።

ለመስቀል እመጣለሁ ብለኸኝ ነበር። ምንም የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ግን ክትፎ ለመብላት የግድ መስከረምን መጠበቅ አለብን እንዴ? እስቲ የዚህን ሳምንት ትኬት ጠይቅ።

በሰላም ያገናኘን፤ ቶሎም ያገናኘን።

እናትህ የሺአረግ